በሳሙና ያልፈተሽኩት ዳዶ

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኩም። ለቄሳችንም አልነገርኩም። በአስተስርዮ ጾም ቀን፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ኃጢአቱን በልቡ ሲቆጥር፣ እኔ የሌላውን ሁሉ ቆጥሬ እዚች ላይ ስደርስ እዘላታለሁ። አንተ የምታነበው፣ አንቺ የምታነቢው፣ ፊቴን አታውቁትም፤ ለእናንተ መናገሩ የቀለለኝ ምናልባት ለዚህ ይሆናል። እንድታጽናኑኝ አይደለም የምነግራችሁ። ስሙኝና ፍረዱ።

እኔ የጋዝ ሠራተኛ ነኝ። ልጅ ሆኜ፣ ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ከእናቴ ጋር ተቃቅፈን ከአዲስ አበባ መጣን፤ ያደግሁትም የተዳርኩትም እስራኤል አገር፣ ኔታንያ ከተማ ነው። ከከተማው በስተደቡብ፣ ጋራዦች በተደረደሩበት ሰፈር፣ አልጋና ምድጃ ያላቸውን የመንገደኛ መኪኖች ጋዝ እሞላለሁ፣ እገጥማለሁ፣ እፈትሻለሁ። ካምፐር ነው የሚሏቸው።

ይህን ያህል ዘመን ሠርቼበትም ጋዝ ይገርመኛል። ታንኩ ውስጥ ፈሳሽ ሆኖ ይተኛል፤ መውጫ ሲያገኝ አየር ይሆናል። አይታይም። ሽታው እንኳ የራሱ አይደለም፣ እንድንጠነቀቅ ብለው ሰዎች የጨመሩለት ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ለወለል እየተሳበ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ይጠራቀማል። ታንክ ስሞላ ከአምስት እጅ አራቱን ብቻ እሞላለሁ፤ የቀረው በበጋ ሲሞቅ የሚያብጥበት ቦታ ነው። ይህን የመሰለ ኃይል ከሰው አልጋ ሥር አስሮ መንገድ መሄድ ትልቅ ነገር ነው፣ ስታስቡት ያስፈራል። ሙያችን ግን ተጠቃሎ አንድ ሕግ ነው፦ የፈታኸውን መልሰህ ካሰርክ በኋላ የሳሙና ውሃ ቀባው፤ አረፋ ካወጣ ያፈሳል ማለት ነው፣ ፈትተህ እንደገና ሥራው። ተለማማጅ በመጀመሪያው ቀን የሚማረው ሕግ ነው። እኔ እያወቅሁ ጣስኩት።

አባባ ደሴና እማማ ይታይሽ የሰፈራችን ሰዎች ናቸው፣ ባልና ሚስት። አባባ ደሴ ጡረታ እስኪወጡ የተማሪዎች ሚኒባስ ሲነዱ ኖረዋል። ካረጁ በኋላ አሮጌ ካምፐር ገዙ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። "አባባ፣ ሽርሽር አማረዎት?" አልኳቸው። ሽርሽር አልነበረም። ወገናችን በዚህ አገር ከላይ እስከ ታች ተበትኗል፤ ለቅሶ ለመድረስ ወይም ሰርግ ለመብላት ሩቅ ይኬዳል። በሰንበት መኪና አይነዱም። ሐዘንተኛ ቤት ገብተው አልጋ ማጣበብም አይወዱም። ስለዚህ ዓርብ ሄደው፣ ከለቅሶው ቤት ደጅ አቁመው፣ በገዛ አልጋቸው ተኝተው እሑድ ይመለሳሉ። ይሉኝታ ነው ካምፐር ያስገዛቸው።

እማማ ይታይሽ ደግሞ ዘር ቆጣሪ ናቸው። በእኛ ዘንድ ልጆች ከመተጫጨታቸው በፊት እስከ ሰባት ትውልድ ይቆጠራል፤ እዚያ ድረስ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ይቀራል። እዚህ አገር ያደገው ልጅ የአያቱን አባት ስም አያውቅም፤ ስለዚህ ከሃይፋም ከአሽዶድም ሰው ወደ እማማ ይታይሽ ይመጣ ነበር። ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከወገራ እስከ ደምቢያ ያለውን ሰው በስም እየጠሩ ያወርዱታል። እሳቸው "ንጹሕ ነው፣ ይጋቡ" ካሉ ጠላ ይጠመቃል። ክብራቸው ይህ ነበር፤ ሌላ ሀብት የላቸውም።

አንድ ዓርብ ረፋዱ ላይ መጡ። የእማማ ይታይሽ እህት ባል ቤርሼባ ሞቶ ለለቅሶ እየሄዱ ነው። ታንኩን ሞላሁ። ወደ ምድጃው የሚሄደው የጎማ ቱቦ ተሰነጣጥቆ ስላየሁት "ይህስ መቀየር አለበት" ብዬ ቀየርኩት። ቱቦውን ከማያያዣው ጋር የሚያስረውን ዳዶ ሳስር ጥርሱ ስቶ ሲገባ እጄ ላይ ተሰማኝ። ሙያውን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በደህናው ጊዜ ዳዶ በጣት ይዞራል፣ ሲስት ግን ገና ከመነሻው ይከብዳል። መፍታት ነበረብኝ። ጥርሱ ተበልቶ ከሆነ ደግሞ አዲስ ማያያዣ ያስፈልጋል፤ በእጄ አልነበረም፤ ዕቃ የምንገዛበት ሱቅ ዓርብ በጊዜ ይዘጋል። "እሑድ ተመለሱ" ልላቸው ነው። ሚስቴ ገበያው ሳይዘጋ ድረስልኝ እያለች ትደውላለች። ቁልፉን ያዝኩና በጉልበት አጠበቅሁት።

የሳሙናው ጣሳ እግሬ ሥር ነበር። ብሩሹ ውስጡ ቆሟል። አየሁት። ረስቼው ነበር ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልረሳሁም። አረፋውን እንዳላይ ነው የተውኩት። ካየሁት መፍታት ግድ ይሆንብኛል፤ ካላየሁት ግን ምናልባት የለም። ሰው በራሱ ላይ እንዲህ ይቀልዳል? እኔ ቀለድኩ። በሁለት አሮጌ ሰዎች ነፍስ ቀለድኩ፣ ዓሣና ቲማቲም ለመግዛት።

የታንኩን መዝጊያ ከፍቼ ምድጃውን ለኮስኩት፤ ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። ዘጋሁና "ይኸው፣ እንደ አዲስ ሆኗል" አልኩ። ይህ አልበቃ ብሎኝ ምክርም ጨመርኩ። የመኪናው ፍሪጅ በጋዝ ነው የሚሠራው፤ ከጀርባው ትንሽ ነበልባል አለችው።

"አባባ፣ እንደ ደረሱ የታንኩን መዝጊያ ይክፈቱና ፍሪጁን ያብሩት። ከሰንበት በፊት የበራ እሳት ምንም የለበትም፤ የዚህ አገር የሃይማኖት መምህራን፣ ራቦቹ፣ ፈቅደዋል። ሁሉም ሰው የምግብ ማሞቂያውን፣ ፕላታውን፣ ሰንበቱን ሙሉ እያነደደ አይደል ምግብ የሚያሞቀው?"

"እሱ የእናንተ ሰንበት ነው ልጄ" አሉኝ። "የእኛ ሰንበት እሳት አያውቅም።"

"ወተቱ ይበላሽብዎታላ!"

"ይበላሽ። ወተት አይደል?"

እማማ ይታይሽ ከመኪናው መስኮት ሳቁ። እኔም በልቤ "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" እያልኩ ሸኘኋቸው። ሻባት ሻሎም ተባብለን ተለያየን።

ቤርሼባ ጀምበር ሳትጠልቅ ደረሱ። መንገዱ ሲያንገጫግጨው የዋለው ዳዶ ላልቶ ነበር። አባባ ደሴ ግን እንዳሉት መዝጊያውን አልነኩትም፤ ከዚያ ለቅሶ ቤት ደጅ፣ ታንኩ እንደ ተዘጋ፣ ከላዩ ተኝተው አደሩ። ሰንበት ወጥቶ ከዋክብት ሲታዩ ታግዶ የነበረው ለቅሶ ፈነዳ። እማማ ይታይሽ ከእህታቸው ጋር አብረው ሲያለቅሱ አመሹና ለሐዘንተኛው ሻይ ላፍላ ብለው ወደ መኪናው ገቡ። አባባ ደሴ መዝጊያውን ከውጭ ከፍተውላቸው ከሰው ጋር ቆመው ያወራሉ። እማማ አፍንጫቸው በእንባ ተዘግቷል፤ ሽታው አልደረሳቸውም። ስኒውን ሲፈልጉ፣ ሻዩን ሲፈልጉ፣ ጋዙ እግራቸው ሥር ይጠራቀማል። ከዚያ ክብሪት ጫሩ።

እሳቱ ከወለሉ ተነሣ። ቀሚሳቸው፣ እግራቸው፣ ቀኝ እጃቸው ተቃጠለ። አባባ ደሴ የእሳቱን ብልጭታ ሲያዩ መጀመሪያ ያደረጉት መዝጊያውን መዝጋት ነው። ዓርብ በዓርብ ሲዘጋ የኖረ እጃቸው ሳይታዘዝ ዘጋ። እማማ ሆስፒታል ተኝተው ዳኑ።

እሑድ ልጃቸው ሺሞን መኪናውን ይዞልኝ መጣ። ኪርያት ሀሻሮን ከሚገኙት ፎቆች በአንዱ የሚኖር፣ እናቱን የሚወድ ልጅ ነው፤ ሌሊቱን አልተኛም፣ ዓይኑ ቀልቷል። እሱ በር ላይ ቆሞ በስልክ ሲያወራ እኔ መዝጊያውን ከውጭ ከፍቼ ብቻዬን ገባሁና ሳሙና ቀባሁ። ያኔ ቀባሁ! ዳዶው ላይ አረፋው እያበጠ፣ እየፈነዳ፣ እያበጠ ወጣ። መዝጊያውን ዘግቼ ተመለስኩና ተቀመጥኩ። የተቀመጥኩበት ቦታ አልጋቸው ነው። አሰብኩት። ምክሬን ሰምተው ቢሆን መዝጊያው ሌሊቱን ሙሉ ተከፍቶ ያድር ነበር፤ ጋዙ በዚያ ዳዶ እየወጣ አልጋቸውን ይከባል፤ የፍሪጁ ነበልባል ደግሞ ከአልጋው በክንድ ርቀት ይነዳል። ሁለቱም አመድ ይሆኑ ነበር። ያዳናቸው የሳቅሁበት ነገር ነው፤ አባቶቻችን ተራራ ላይ ያወጡት፣ በብርድ ቆፈን የጠበቁት፣ እኔ ኋላ ቀር ያልኩት ሰንበት። ምኩራብ ገብቼ እንደዚያን ቀን ፈጣሪን ፈርቼው አላውቅም። ማያያዣውን አውጥቼ፣ ጠዋት ሱቁ ሲከፈት የገዛሁትን አዲስ ገጠምኩ፣ የተበላውንም ኪሴ ከተትኩት።

እንዲህ ያለ ተአምር በዓይኑ ያየ ሰው ምን ያደርጋል? ወጥቶ ይናገራል። እኔ ወጣሁ።

"ታክሺብ፣ ስማኝ" አለኝ ሺሞን ስልኩን ዘግቶ። "ኢማ፣ እናቴ ናት አይደል? የምድጃውን ጋዝ ከፍታ ረስታው ነው? እሷ አልከፈትኩም ትላለች።"

እኔም "ይሆናል" አልኩ። ቀጥዬም፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ "በዚህ ዕድሜ ይረሳል" አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሥራ ፈቃዴን እንዳልነጠቅ ነው? ነው። ስሜ እንዳይጠፋ ነው? እሱም ነው። ግን ሺሞን "እፎይ፣ ሌላ ብልሽት የለም ማለት ነው" ሲል አብሬው እፎይ ማለቴ ነው እስከ ዛሬ የሚያስጠላኝ። ዳዶውን ያጠበቅሁት በችኮላ ነው፤ ያን ቃል ግን በእርጋታ ነው የተናገርኩት።

መኪናው ተሸጠ። ትንሽ ቆይቶ ሺሞን ደወለልኝ፤ ከእናቱ ቤት ጋዙን እንዳነሣ። ሌላ ሰው ጥራ አላልኩም፤ ቁልፌን ይዤ ሄድኩ። እማማ ይታይሽ እጃቸው በፋሻ እንደ ተጠቀለለ በር ከፈቱልኝ። ምድጃቸውን ሳላቅቅ ቆመው አዩኝ።

"አልከፈትኩም ብዬ ነበር" አሉ። "ግን አንተ ባለሙያው ይሆናል ካልክ ሆኖ ነው። ሰው ራሱን አያውቅም ለካ።"

የቧንቧውን አፍ ደፈንኩና በሳሙና ውሃ ፈተሽኩት። ደጋግሜ ፈተሽኩት። አንዲት አረፋ የለችም። በሕይወቴ እንደዚያ የተጣራ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የቤቱ ክብሪት ከእማማ ተሰውሮ አባባ ደሴ ኪስ ውስጥ ሆነ፤ ምን ሊያነዱበት እንደ ሆነ አላውቅም፣ ምድጃ በሌለበት ቤት። ወሬው ሰፈሩን ዞረ። "እማማ ይታይሽ እሳት ከፍተው ይረሳሉ አሉ" ተባለ፣ ቀጥሎ "መርሳት ጀምሯቸዋል" ተባለ፣ ቀጥሎ የሚያስቆጥር ሰው ቀረ። እሳት የረሳ ሰው የሰውን አያት ቢረሳስ? ወንድምና እህት ቢያጋባስ? ማንም ክፉ አልነበረም፤ ሁሉም ለልጁ ፈርቶ ነው። እሳቸውም ፈሩ። በር ቆልፈው ወጥተው ይመለሱና እጀታውን ያያሉ፣ ደረጃውን ጨርሰው እንደገና ይወጣሉ። ገበያ መሐል ሲያገኙኝ "ልጄ፣ ሰላም ብዬሃለሁ ወይስ አላልኩህም?" ይሉኛል፣ ገና አሁን ጉንጬን ስመውኝ ሳለ። አባባ ደሴ አምና አረፉ። ሊያርፉ ሲሉ ለሺሞን የተናገሩት ስለ ቀብራቸው አልነበረም፤ "እናትህን ከእሳት ጠብቃት" ነው ያሉት። እኔ ሬሳቸውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ፤ ትከሻዬ ላይ ምን እንደ ተሸከምኩ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እውነትን የያዘው ሰው ከሸፈነው አይጠራም።

ዘንድሮ ለሴት ልጄ ለኦርሊ ትዳር መጣ። የጠየቃት ጨዋ ልጅ ነው፣ ወላጆቹም ደግ ሰዎች ናቸው። ሚስቴ ኤቨን የሁዳ ከተማ ዘመድ ቤት ወዳሉ ሽማግሌ፣ ወደ አባባ ፈንታ ሂድና አስቆጥር አለችኝ። ሄድኩ። እሳቸው እስከ አምስተኛው ቆጥረው አንዲት የደምቢያ ሴት ላይ ሲደርሱ ስሟ ጠፋባቸው። "ግድ የለም፣ ንጹሕ ነው" አሉ። ግድ የለም የሚባል ነገር ምን እንደሚያስከትል ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? እንቅልፍ አጣሁ። ለማንም ሳልናገር የእማማ ይታይሽን ደረጃ ወጣሁ።

"እኔ?" አሉ። "እኔማ ትቼዋለሁ ልጄ። የማላምነውን ልብ ይዤ የሰው ልጅ ላይ አልፈርድም።"

ለመንኳቸው። ጉልበታቸውን ይዤ ለመንኳቸው። በመጨረሻ "ለራስህ ብቻ ስማ እንግዲህ" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንደ ተቃጠለ የቀረ ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ በጣታቸው እየነኩ ጀመሩ። አባቴን አሉ፣ አባቱን ጀንበሩን አሉ፣ የጀንበሩን አባት እንግዳውን፣ በየትኛው በጋ ከስሜን ወደ ወገራ እንደ ወረደ፣ ማንን እንዳገባ፣ ከየትኛይቱ ልጅ እንደ ወለደ። ከዚያ የልጁን ወገን ጀመሩ። አባባ ፈንታ የጠፋባቸው ሴት ጋ ሲደርሱ አልቆሙም። "ተዋበች ናት፣ የሸክላ ሠሪው የብሩህ ልጅ፤ አንድ ዓይናዋ" አሉና አለፉ። ሰባተኛው ላይ ሁለቱ ወገኖች ሳይነካኩ ጎን ለጎን ወረዱ። ሙታኑ ሁሉ እዚያች ሳሎን ገብተው፣ በየተራቸው ስማቸው ሲጠራ አቤት የሚሉ መሰለኝ። ይህ ሁሉ ሰው በአንዲት ሴት ጭንቅላት ውስጥ ሳይጎድል ይኖራል። እኔ ይህን ነው "በዚህ ዕድሜ ይረሳል" ያልኩት።

"ንጹሕ ነው" አሉ ዓይናቸውን ከፍተው። "ግን እኔን ብለህ እንዳታደርገው። በላዩ ሌላ ሰው አስቆጥርበት።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ከፊቴ ተቀምጠዋል፣ ሌላ ሰው የለም፣ በሩ ዝግ ነው። አመስግኜ ወጣሁ።

የእጮኝነቱ ቀን የሁለቱም ወገን ሽማግሎች ቤቴ ተሰበሰቡ። እንደ ደንቡ "ዘሩ ተቆጥሯል? ማን ቆጠረው?" ተባለ። እኔ ተነሥቼ ሰባቱንም ትውልድ፣ ተዋበችንም፣ የብሩህ ልጅ መሆኗንም ጨምሬ፣ አንድ በአንድ አወረድኩት። ሰዉ ተደነቀ። "ማን ነው እንዲህ የሚያውቅ?" አሉ። የእማማ ይታይሽን ስም ብጠራ ፊታቸው እንደሚጠቁር አውቃለሁ፤ ያጠቆርኩት እኔ ነኝና። "የኤቨን የሁዳው አባባ ፈንታ" አልኩ። እልል ተባለ።

በማግሥቱ እማማ ይታይሽ ደወሉልኝ። እንኳን ደስ አለህ ካሉኝ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁ፦

"ልጄ፣ ሌላ ሰው አስቆጠርክበት? ከእኔ ጋር ገጠመ?"

"ገጠመ እማማ። አንድ ስም አልጎደለም።"

ሲያለቅሱ ሰማሁ። ከዚያ፣ እንደ ሕፃን፣ "ታዲያ አእምሮዬ አልሄደም ማለት ነው?" አሉኝ።

እኔም "እግዜር ያውቃል" አልኳቸው።

እኔም አውቃለሁ። ከእግዜር ቀጥሎ በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ እያወቅሁ ነው ያን የመለስኩት። ፈርቼ ነው አልልም፤ ያን ቀን ምን የሚያስፈራ ነገር ነበረ? አንዲት አሮጊት በስልክ አልቅሰው የጠየቁኝ አንዲት ቃል ናት። ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። አባባ ደሴን ከመቃብር አላስነሣም። ለእማማም እነግራለሁ ብዬ አልምልላችሁም፣ ብዙ ጊዜ ለራሴ ምዬ ከደረጃቸው ሥር ተመልሻለሁ። ስለዚህ ከአፌ እስኪወጣ ሳልጠብቅ እዚህ ጽፌዋለሁ፣ ሺሞንም ያንብበው፣ ሚስቴም ታንብበው።

ልጅ የምትድሩ ሰዎች፣ ወደ እማማ ይታይሽ ሂዱና አስቆጥሩ። እሳቸው ምንም አልረሱም። ጋዙን ከፍቼ የሄድኩት እኔ ነኝ።